ልጄ ሶሻል የመረጠች ሰሞን

የአሥረኛ ክፍል ካርድ በሚሰጥበት ቀን ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቃሊቲ ካሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ኤሌክትሪሺያን ነኝ፤ በእኛ ሥራ አንድ ማሽን ከቆመ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። የዚያን ዕለት ግን አለቃዬ ራሱ፣ «ሂድ፣ የኢንጂነሯን ውጤት ይዘህልን ና» ብሎ ሸኘኝ። ኢንጂነሯ የሚላት ልጄን ነው። ፋብሪካው ውስጥ ስለ እሷ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም።

ገና ትንሽ ልጅ ሳለች የጎረቤት ምጣድ ወይም ካውያ ፈትቼ ስጠግን አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ሽቦ ትይዝልኝ ነበር። የእኔ ዓይን ጥቃቅን ጽሑፍ ማንበብ ሲያቅተው የዕቃውን ቁጥር የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ይህን ሁሉ ትታለች። «ነይ አንብቢልኝ» ስላት፣ «መነጽርህን አድርግ እንጂ አባ» ብላኝ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ዕድሜዋ ነው፣ ኮረዳ ስትሆን ከአባት መራቅ ያለ ነው ብዬ አለፍኩት።

ትምህርት ቤቱ ከምንኖርበት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በእግር የሚደረስ ነው። ሰኔ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ነበር። የክፍሏ ስም ጠሪ መምህር ወጣት ሰው ነው፤ ካርዱን ሰጥቶኝ እጄን ጨበጠኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት፤ ሁለተኛ ወጥታለች» አለኝ። «ብቻ አንድ ነገር ገርሞኛል። ሶሻል ለምን መረጠች?»

«ማን?»

«ልጅዎ።»

«ተሳስተህ ይሆናል፤ የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል።»

«አልተሳሳትኩም። እኔም ጠርቼ ጠይቄያታለሁ። አስቤበት ነው አለችኝ።»

ከአሥራ አንደኛ ክፍል ጀምሮ ተማሪ ለሁለት እንደሚከፈል ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ልጆቹ እንደሚሉት ናቹራል የገባ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተምሮ ወደ ምሕንድስና ወይም ወደ ሕክምና ይሄዳል። ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ማለትም ሶሻል የገባ ደግሞ ታሪክና ጂኦግራፊ ተምሮ ወደ ሕግና ወደ ንግድ ሥራ ይሄዳል። እኛ ቤት ይህ ምርጫ ሆኖ አያውቅም ነበር። እኔና ባለቤቴ ስለ ጉዳዩ አንድ ቀን እንኳን አላወራንም፤ ፀሐይ በየት በኩል ትወጣለች ብሎ እንደመነጋገር ነበር።

መምህሩ ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋም ሶሻል ናት። ልጆች ብዙ ጊዜ ጓደኛ ተከትለው ነው የሚመርጡት። ቢያነጋግሯት ጥሩ ነው፤ መስከረም ላይ ሳይመደቡ በፊት መቀየር ይቻላል።»

ወደ ቤት ስመለስ ጭቃውን አላየሁትም። ጓደኛ ተከትላ! ይቺን ያህል ለፍተን!

ልጄ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። እንደሰማሁ ገብቷታል መሰለኝ አንገቷን አቀርቅራለች።

«ሶሻል ነው የመረጥሽው?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ደስ ስላለኝ።»

«ፊዚክስ ዘጠና ሁለት አምጥተሽ ሶሻል ደስ አለሽ?»

ዓይኖቿን በሁለት እጇ አሸች። እያለቀሰች መሰለኝ፤ አላለቀሰችም። ዓይኗን ማሸት ልማዷ ነው። ሠፈራችን ገና ግንባታው ያላለቀ ጊዜ አቧራው ሰው አያስቆምም ነበር፤ ያኔ የጀመራት ማሳከክ ነው። እናቷ ከፋርማሲ ቅባት እየገዛች ትቀባላት ነበር።

«ጓደኛሽን ተከትለሽ ነው አይደል?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረውን ዛሬም አልረሳውም፤ ድንጋጤም እፎይታም ይመስል ነበር። «አዎ፣ እሷን ተከትዬ ነው» አለች።

እንዲህ በአንድ ቃል ታምናለች ብዬ አልጠበቅሁም። እኔ የተዘጋጀሁት ስትክድ ልቆጣ ነው። ባለቤቴ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ማታ ስትገባ ስነግራት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «እንደዚህ ዓይነት ልጅ አልነበረችም» አለች። «እሷ እኮ የሰው ጥገኛ አይደለችም። ምን ነክቷት ነው?» ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አንዴ እኔ፣ አንዴ እናቷ እየተፈራረቅን ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ አኮረፍናት። የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፤ «ከእሷ ጋር ነው መማር የምፈልገው።»

ያቺ ጓደኛዋ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለው አሮጌ ግቢ ነው የምትኖረው። ቤተሰቦቿ ድሮ እዚያው ሲያርሱ የኖሩ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ አሁን እናቷ መንገድ ዳር ባለ ኮንቴይነር ውስጥ አትክልት ትሸጣለች። ሽንኩርትና ቲማቲም የምንገዛው ከእሷ ነው። ልጅቷ ቤታችን ስትመጣና ስትሄድ ዓመታት አልፈዋል፤ ጨዋና ቁጥብ ልጅ ናት። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ስሟን መስማት እንኳን አስጠልቶኝ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ለባለቤቴ ሳልነግር ወደ ግቢያቸው ሄድኩ።

እናቷ ከበር ስታየኝ ተነሳች። «ወንድሜ፣ ግባ፣ ተቀመጥ። በሰላም ነው?»

«በሰላም ነው እትዬ። አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት። ልጅዎ ልጄን ትተውልኝ።»

«ምን አድርጋት?»

«ሶሻል ግቢ ብላ አግባብታታለች። ልጄ ጎበዝ ናት፤ ኢንጂነር እንድትሆን ነው ያሳደግናት። የእርስዎ ልጅ የፈለገችውን ትማር፣ ምንም አልልም። የእኔን ግን ትተዋት።»

ሴትየዋ ተናደደች። አጠገቧ ያለውን የልብስ ገንዳ ገፋ አድርጋ ልጇን በኦሮምኛ ተጣራች። ልጅቷ እጇ በሳሙና እንደተነከረ ከጓሮ መጣች። እናቷ የተባለውን ስትነግራት ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ እኔ ግቢ አላልኳትም። አትግቢ ነው ያልኳት። በዚህ ተጣልተንም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ገባች?»

እናቷን አየች፣ መልሳ እግሯን አየች። «አትናገሪ ብላኛለች» አለች።

«ተናገሪ!» አለቻት እናቷ። «ሰው ደጃችን ድረስ መጥቶ እየወቀሰን ነው!»

ልጅቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ሰሌዳውን የማነብላት እኔ ነኛ» አለች።

«የምን ሰሌዳ?» አልኩ።

«የክፍሉን ጥቁር ሰሌዳ። አይታያትም፤ ዘጠነኛ ክፍል እያለን ጀምሮ አይታያትም። አስተማሪው ሲጽፍ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ እሷ ደብተሯን ወደ ፊቷ አስጠግታ ትጽፋለች። ከዚያ ደግሞ እሷ ታስረዳኛለች። እኔም ናቹራል ልግባላት ብዬ ነበር ጋሼ፣ ግን ፊዚክስ አይገባኝም። ያልገባኝን ነገር ደግሞ ማንበብ ያቅተኛል፣ ምልክቱን ሁሉ እሳሳትባታለሁ። ስለዚህ እሷ፣ አንቺ ከምትደክሚ እኔ ሶሻል እመጣለሁ አለችኝ።»

የምሰማው የእኔን ልጅ ታሪክ አልመስልህ አለኝ። ልጅቷ ገና እየተናገረች ነው፤ በፈተና ጊዜ ወረቀቱን በቅርብ ስለምታየው ችግር እንደሌለባት፣ ታክሲ ረዳቱ ሲጠራ ሰምታ እንደምትገባ፣ መንገድ ሲሻገሩ ክንዷን እንደምትይዝላት ትነግረኛለች። እኔ የሴቶች ልጆች ፍቅር ነው ብዬ ከሰገነት ላይ ቆሜ የማየው መያያዝ! ይቅርታ ማለት እንዳለብኝ ባውቅም ሳልል ቀረሁ። እናትየዋ ቁጣዋ በንኖ፣ «ውሃ ስጪው» አለቻት። ልጅቷ ውሃ ስታቀብለኝ ግማሹን ሱሪዬ ላይ ደፋሁት።

ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። በሩ ላይ እንደቆምኩ እጄን አነሳሁ።

«ስንት ጣት ነው የሚታይሽ?»

ሣቅ አለች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ እንዳልሣቅሁ ከድምፄ አወቀች፤ ከፊቴ አይደለም፣ ፊቴ ከዚያ ርቀት እንደማይታያት በኋላ ነው የገባኝ። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ነገረችህ?»

«ስንት ጣት ነው?»

«አላውቅም አባ። እጅህን ማንሳትህን ነው የማውቀው።»

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ «ምን ሆናችኋል?» አለች። ልጄ ራሷ ነገረቻት። ሰው ዘንድ ሄዳ የሰማችውን ወሬ እንደምትናገር ነበር ረጋ ብላ የነገረቻት። ባለቤቴ ስትሰማ አልጮኸችም፤ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ዓይኖቿን እያየች ቆመች፣ ከውጭ ሲታዩ ምንም ያልሆኑ፣ ትልልቅ፣ የሚያምሩ ዓይኖች። «እኔ አይታይሽም?» አለቻት። «አንቺ ቅርብ ስለሆንሽ ትታይኛለሽ» አለች ልጄ፤ ያኔ ነው ሁለቱም ማልቀስ የጀመሩት።

«ለምን አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ዓይነ ስውር የምሆን መስሎኝ ፈራሁ። ካልተናገርኩት የሚቆም መሰለኝ።»

በማግስቱ ሦስታችንም ሥራም ሆነ ሌላ ጉዳይ ትተን ከሳሪስ ወዲያ መሀል ከተማ ወዳለ የዓይን ሕክምና ሄድን። ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ላይ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ አለ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን የዞሩ ምልክቶች ከትልቅ ወደ ትንሽ ተደርድረውበታል። ነርሷ በዘንግ እየጠቆመች «ይሄ ወዴት ነው የዞረው?» አለቻት።

ልጄ ትኩር ብላ አየች። «ምኑ?» አለች።

ነርሷ ዘንጉን ወደ ትልቁ ምልክት ከፍ አደረገችው። «ይሄስ?»

«ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር አለ እንዴ?»

እኔ ያለ መነጽር ከበሩ ላይ ሆኜ ሁሉንም አያቸው ነበር።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። በመሣሪያ አይታ ስትጨርስ ወረቀት ላይ ዓይን ሥላ አስረዳችን። ከዓይን ፊት ያለው እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ክብ መሆን ሲገባው፣ የልጄ ሳስቶ ወደ ፊት ሾሏል። ለዚህ ነው ነገር ሁሉ የሚደበዝዝባትና የሚደራረብባት።

«ዓይኗን ታሻለች?» ብላ ጠየቀች።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። «ከልጅነቷ ጀምሮ» አለች ባለቤቴ። «አቧራ ነው ስንል…»

«የሚያሳክካት አለርጂ ነው። ማሸቱ ደግሞ ያባብሰዋል። ከዛሬ ጀምሮ አንድም ጊዜ እንዳታሺ፣ ገባሽ?» አለቻት ልጄን። እንዳይብስ የሚያደርግ ሕክምና እንዳለ፣ ተራ መነጽር ብዙም እንደማይረዳት፣ ዓይን ላይ የሚደረግ ጠንካራ ሌንስ ግን ሊያሳያት እንደሚችል ነገረችን። ቀና ብላ ደግሞ፣ «እስካሁን ትምህርት እንዴት ተማረች?» አለች።

«ሁለተኛ ወጥታ» አልኳት። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ልጄን አየቻት። የደነገጥነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ያኔ አወቅሁ።

ክረምቱ በመመላለስ አለቀ። ሕክምናው ተደረገላት፤ ለቀናት ዓይኗን ጨፍና ጨለማ ክፍል ስትተኛ ጓደኛዋ እየመጣች አጠገቧ ትቀመጥ ነበር። እኔ በር ከፍቼ ሳስገባት፣ «ምሳ በላሽ?» እላታለሁ። «በልቻለሁ ጋሼ» ትለኛለች፤ ስለዚያ እሁድ ሁለታችንም አላነሳንም። ለእናቷ ግን ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «እኔም ብሆን እንደዚያው እሆን ነበር» ብላ ከምትሸጠው ቲማቲም መርጣ ሰጠችኝ።

ሌንሱ ሲደረግላት ከጎኗ ነበርኩ። መጀመሪያ እንባዋ ወርዶ አላቆም አለ፤ እየቆረቆራት ነው። ጥቂት ስትቆይ ግን ቀስ ብላ ራሷን ቀና አደረገች። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፤ ዛፉን አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ አፏን ከፍታ ቀረች።

«አባ!» አለች። «ፂምህ ሸብቷል እንዴ?»

ሣቅና ለቅሶ ተቀላቀለብኝ። በታክሲ ስንመለስ በመንገዱ ዳር ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ፣ የሱቁን ስም፣ የመኪናውን ታርጋ ጮክ ብላ እያነበበች መጣች። ረዳቱ ዞር ብሎ፣ «ማንበብ ዛሬ ነው የጀመርሽው?» አላት። «አዎ» አለችው።

መስከረም ላይ ምድቡን ልናስቀይር እኔና ልጄ ትምህርት ቤት ሄድን። የሐኪሟን ማስረጃ ይዤ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁ። እኔ የጠበቅሁት ደስ ይለዋል ብዬ ነው። ሰውዬው ግን ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«እንደሱ ከሆነማ ሶሻል ትሁን እንጂ» አለኝ። «ማየት የሚቸገሩትን እኛ ሶሻል ነው የምንመድባቸው። ሰሌዳ ብዙ አያስፈልገውም፣ ይነበብላቸዋል። ምን አደከመዎት?»

ይህን ጭራሽ አልጠበቅሁም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በር ተዘግቶባት እንደነበር ስናገር፣ ሰውዬው በሩ የተዘጋው በትክክል ነው እያለኝ ነው። ደግሞ በክፋት አይደለም፤ የሚያዝንላት ሰው ፊት ነበረው።

ልጄ ከእኔ በፊት ተናገረች።

«ጋሼ፣ ከጀርባዎ ያለውን የጊዜ ሰሌዳ ላንብብልዎት?»

ሰውዬው ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ። እሷ ከወንበሯ ሳትነሳ የአሥራ አንደኛ ክፍል ናቹራልን የሰኞ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምራ ታነብለት ጀመር። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ። ማክሰኞ ላይ ስትደርስ እጁን አነሳ።

«በቃ፣ በቃሽ። ከፊት ትቀመጫለሽ» አለ፤ ስሟንም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አዛወረው።

ትምህርት ሲጀመር ያ ሁሉ ዓመት አብረው የተቀመጡት ልጆች ተለያዩ። እኔ በዚህ ልጄ ታዝናለች ብዬ ነበር፤ ይበልጥ ያዘነችው ጓደኛዋ ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት ሲመለሱ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሰማኋቸው። «ዛሬ የታሪክ አስተማሪው ሲጽፍ ሳላውቀው ድምፅ አውጥቼ አነበብኩ፤ ክፍሉ ሁሉ ሣቀብኝ» ትላታለች። ልጄ አልሣቀችም። «ነገ እኔ ጋ መጥተሽ አንብቢልኝ» አለቻት።

የግማሽ ዓመቱ ውጤት ሲመጣ እንደ ልማዴ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። ፊዚክስ ስልሳ አንድ። ደረጃዋ አሥራ አራተኛ። ካርዱን ደጋግሜ አየሁት፤ ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ሁሉ አወለቅሁና መልሼ አደረግሁት። ቤት ስደርስ ምን ልበላት እያልኩ ነበር የሄድኩት።

እሷ ግን ካርዱን ተቀብላኝ ፊዚክሱን ስታይ ሣቀች። የምሯን ነው የሣቀችው።

«ምኑ ነው የሚያሥቀው?» አልኳት።

«አባ፣ ድሮ እኮ ሰምቼ በቃሌ ነበር የምይዘው። አስተማሪው ሥዕል ሲሥል ምን እንደሚሥል አላውቅም ነበር፤ ቀስቱ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። ዘጠና ሁለት ያመጣሁት ሳላየው ነው። አሁን ገና ከመጀመሪያው እየጀመርኩት ነው።»

«ቢሆንም አሥራ አራተኛ…»

«በሚቀጥለው አሥረኛ እወጣለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ናቹራል ገባሁ ማለት ኢንጂነሪንግ እገባለሁ ማለት አይደለም። ባዮሎጂ እያማረኝ ነው። ምናልባት ዓይን አጠና ይሆናል፣ ምናልባትም አላጠና። ቃል አልገባልህም።»

«እሺ» አልኳት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ልቤ ግን እንደገና ድንግጥ ማለቱን አልተወም። በማግስቱ ፋብሪካ ስገባ አለቃዬ ገና ከሩቅ፣ «ኢንጂነሯ እንዴት ሆነች?» ብሎ ጮኸ። «ደህና ናት» አልኩትና የሥራ ልብሴን ልቀይር ገባሁ።